ዝምተኛዋን እንግዳ ስትቀበል

ልጄ፣

ኤሊ አምጥተህ ሮቤ ግቢህ ውስጥ እንዳስቀመጥህ ሰማሁ። ከቆላ የተመለሰ የጭነት መኪና ሾፌር በካርቶን አድርጎ ሰጠህ አሉኝ። የሰፈሩ ልጆች ተራ በተራ ጀርባዋን ይደባብሳሉ፣ ዳቦ ይወረውሩላታል፣ አንተም ፎቶ ታነሳለህ። ደስ ብሎሃል፤ ደስታህን አልነቅፍም። ግን አሳድጌሃለሁና አውቅሃለሁ። ያቺን ቡችላ ባመጣህ በሦስተኛው ሳምንት ውኃ የምትቀዳላት እናትህ ነበረች። ቡችላዋ የዳነችው ስትራብ ስለምትጮኽ፣ ሲበርዳት በር ስለምትቧጭር ነው፤ እናትህ ትሰማታለች። ኤሊ አትጮኽም። ረኃቧም፣ ብርዷም፣ በሽታዋም ዝምታ ነው። የማትናገር እንግዳ የተቀበለ ሰው ዓይኑን ጆሮ ማድረግ አለበት። እኔ ይህን የተማርኩት ጎባ ሳለሁ በአንዲት ኤሊ ነው፤ ታሪኳን ሦስተኛው ላይ ታገኘዋለህ። አንብበህ ኪስህ ውስጥ እንዳታጥፈው፤ አንብበህ ሥራበት።

1. ቤት ከመሥራትህ በፊት ከየት እንደመጣች አጣራ። ጀርባዋ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብና ጭረት ካለው ያቺ ነብር መሳይዋ የቆላ ኤሊ ናት፤ ኦሮሞው ቆጫ የሚላት። መንገድ ላይ ተነሥታ ከሆነ የዱር እንስሳ ናት፤ የአንተም የሾፌሩም አይደለችም። የዱር እንስሳት ሕጋችን የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። አገራችንም በ1981 ዓ.ም. ሳይተስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ተቀብላለች፤ የየብስ ኤሊዎች ሁሉ በዚያ መዝገብ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ዲንሾ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ሂድና እንዲህ ያለ እንስሳ እጄ ገብቷል በል። አትፍራ፤ ራሱ ሄዶ የሚናገር ሰውና ተደብቆ የሚያዝ ሰው አንድ አይደሉም። «እንግዲያው እኔው ወስጄ ልልቀቃት» ብለህም እንዳትነሣ። ከፍተኛው የሳኔቲ አምባ ላይ ብትለቃት በአንድ ሌሊት ውርጭ ትሞታለች። ቆላም ብትወስዳት፣ የተነሣችበትን ትክክለኛ ቦታ ካላወቅህ በማታውቀው አገር መጣልህ ነው፤ ግቢህ ውስጥ የያዘችውን በሽታም ለዘመዶቿ ይዛ ትሄዳለች። የሚመለከታቸው ሰዎች እስኪወስኑ ድረስ ግን እጅህ ላይ ናት፤ ወር ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። የቀረው ምክሬ ለዚያ ጊዜ ነው፤ በወረቀት የጸደቀች ኤሊ ብትኖርህም ያው ነው።

2. የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ተዋት። አዲስ ሙሽራን ቤት በገባች ማግሥት ገበያ አይልኳትም። የኖረችበትን ሽታ፣ መንገድና ጥላ ሁሉ አጥታ የመጣች እንስሳ ናት፤ ለእሷ የአንተ እጅ የአዳኝ እጅ ነው። ሦስትና አራት ቀን ባትበላ አትደንግጥ፣ አፏንም ለመክፈት አትታገል። ሣሩን አስቀምጥና ዞር በል። በተለይ ማንሣት ይቅር። ኤሊ ከመሬት ስትነሣ ደንግጣ ሽንቷን ትለቃለች፤ ሰው አይቶ ይስቃል። ያ ሽንት ግን ለደረቅ ወራት በፊኛዋ ያጠራቀመችው ውኃ ነው። በቀን አሥር ልጅ ቢያነሣት አሥር ጊዜ እንስራዋን ገለበጡባት ማለት ነው። ልጆቹን ከአጥር ውጭ ቁጭ ብለው እንዲያዩ አስለምዳቸው፤ ዝም ብሎ ማየትን መማራቸው ለእነሱም ደግ ነው።

3. ብርዱን ከሁሉ በላይ ፍራው። ሮቤ ወደ 2,490 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጎባ ደግሞ ወደ 2,740። እሷ የመጣችበት ቆላ፣ ደሎ መና ከሆነ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይቀንሳል፤ እንግዲህ አስላው። አንተ ሲበርድህ ጋቢ ትደርባለህ፤ ሰውነትህም ከውስጥ ያሞቅሃል። የኤሊ ሰውነት ከውስጥ አይሞቅም። ሙቀቷ የፀሐይና የመሬት ብድር ነው፤ ብድሩ ሲቋረጥ ሆዷም ሥራ ያቆማል፣ የበላችው ሣር አንጀቷ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀራል፣ ይበላሻል። ስለዚህ ብርድ የያዛት ኤሊ ጠግባም ትራባለች።

አሁን የጎባዋን ልንገርህ። ሁለት ኪሎ የማትሞላ ነበረች፤ እንዳንተው በስጦታ ነው ያገኘኋት። መስከረምንና ጥቅምትን ደኅና ከረመች። ኅዳር ሲገባ ሌሊቱ ውርጭ ጣለ፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድር ነበር። መብላት ተወች፣ ከጎተራው ሥር ገብታ ቀረች። አንድ ያነበበ ወዳጄ «ኤሊ በብርድ ወራት ይተኛል፤ ውጭ አገር ሦስትና አራት ወር እንቅልፍ ነው፤ ተዋት» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፤ ምክንያቱም የእሱ ምክር ከእኔ ምንም ሥራ አይጠይቅም ነበር። ሥራ የማይጠይቅህን ምክር ሁለት ጊዜ መርምረው፣ ልጄ። ውሸት አልነበረም፤ ግን የሚተኛው የፈረንጅ አገር ኤሊ ነው። ክረምቱ በረዶ የሆነበት አገር ኤሊዎች ከነፍሳቸው ጋር ይህን የመተኛት ውል አላቸው፤ የእኛ የቆላ ኤሊ የላትም። ሲበርዳት የምትተኛ መስላ ትሞታለች። ታኅሣሥ ላይ በአፍንጫዋ አረፋ አየሁ፤ ሳንባዋ ታሞ ነበር። የጠየቅሁት የከብት ሐኪም በግና በሬ እንጂ ኤሊ አክሞ እንደማያውቅ በቅንነት ነገረኝ። ጥር ላይ ነው የሞተችው። ቀኑን ግን አላውቀውም። ሕያው ሆና ከሞተች ኤሊ የማትለይ ስለነበረች፣ ስንት ቀን ሞታ እንደሰነበተች ሽታው እስኪነግረን ድረስ አላወቅንም። ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ከሞቷ ይልቅ የሚቆጨኝ ይህ ቀኑን አለማወቄ ነው።

4. የሌሊት ቤቷን ዛሬውኑ ሥራ። ትልቅ የእንጨት ሣጥን ፈልግ፤ ተንቀሳቅሳ መዞር የምትችልበት ይሁን። ዙሪያውን ሌላ ሣጥን ወይም የጭቃ ግድግዳ አድርገህ በመሃል ያለውን ክፍተት በስንዴ ገለባ ጠቅጥቅ። ሮቤ ላይ የስንዴ ገለባ አጣሁ የምትል ከሆነ የባሌ ልጅ ነኝ አትበል። ቀን ወደ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ጥግ፣ ሌሊት ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች የማይወርድ መኝታ ያስፈልጋታል። ርካሽ ቴርሞሜትር ግዛና ውስጡ ስቀል፤ በእጅህ ዳብሰህ «ይሞቃል» አትበል፤ እጅህ የደጋ እጅ ነው። አምፖል ካበራህ ከፍ ብሎ ከገለባው ይራቅ። መብራት መጥፋቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሙቅ ውኃ የሞላ ጀሪካን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለህ ከጎኗ አስቀምጥ። በሚገባ የተጠቀለለ ጀሪካን ሙቀቱን ለብዙ ሰዓት ይይዛል። የከሰል ምድጃ ወደዚያ ሣጥን እንዳታስገባ፤ ጭሱ እኛን ሰዎቹንም በዝግ ቤት ይገድላል፣ እሷማ ደጃፍ ከፍታ አትወጣም።

5. ፀሐይን በመስታወት አትስጣት። ይህን ስሕተት የተማሩ ሰዎችም ይሠሩታል። ሳሎን መስኮት ሥር አስቀምጠው ፀሐይ እየሞቀች ነው ይላሉ። መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ቆዳዋ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር ግን ያስቀራል። ያ ቫይታሚን ከሌለ የበላችው ካልሲየም ወደ አጥንቷ አይገባም፤ ኤሊ ደግሞ ከላይም ከታችም አጥንት ናት፤ ቅርፊቷ ከጎድን አጥንቷ ጋር የተጣበቀ ነው። ያደገች ኤሊን ቅርፊት በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ስትጫነው መርገብ የለበትም። ከረገበ ነገሩ ቆይቷል ማለት ነው። የባሌ ፀሐይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ብርቱ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ደጅ ትዋል። ጥላም አጠገቧ ይኑር። ሲበዛባት የምትሸሽበት ጥላ የሌላት ኤሊ ብርድ ከሚገድላት ባነሰ ጊዜ በሙቀት ትሞታለች።

6. አጥሯ የማያሳይ ይሁን። የሽቦ አጥር አይተህ «አየር ያገኛል፣ ያምራል» ብለሃል አሉ። ኤሊ ወዲያ ማዶ ያየችውን መሬት በሽቦው በኩል የምትደርስበት ይመስላታል፤ ቀኑን ሙሉ እየገፋች አፍንጫዋን ታቆስላለች፣ እግሯን ታጣብቃለች። ድንጋይ ደርድር፣ ወይም ሳንቃ፣ ወይም ጭቃ። ከጉልበትህ ይለፍ። መሠረቱን አንድ ክንድ ቆፍረህ አስገባ። ይህች ዝርያ ጉድጓድ ቆፋሪ አይደለችም፤ የሌላውን ጉድጓድ ነው የምትገባበት። ግን ጥግ ላይ መሬቱ ከላላ መግፋቷ አይቀርም። ጥጎቹንም አክብባቸው፤ ጥግ ያገኘች ኤሊ ጥጉ መንገድ እንዳልሆነ ለመረዳት ከአንተ የረዘመ ጊዜ ትወስዳለች።

7. መሬቱን አድርቀው። የሮቤ ጥቁር መሬት ሲዘንብ ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም፤ ጫማህን ስንት ጊዜ ጥለህ መጥተሃል። ባሌ ደግሞ ሌላው አገር አንዴ ሲከርም እሷ ሁለቴ ትከርማለች፤ ገናና ቦና የምንላቸው ሁለቱም ወቅቶች ዝናብ አላቸው። ቀዝቃዛና እርጥብ መሬት ላይ የምትውል ኤሊ ሳንባዋ ይታመማል፣ የሆዷ ቅርፊት ይሻግታል። ከበረንዳው ሥር ጠጠር ጣልበት፣ በላዩ አሸዋ፣ ከፊሉን በሣር ሸፍነው፣ አንድ ወገኑን ቁልቁል አድርገህ ውኃ እንዲወርድ አድርግ። ከቆርቆሮህ የሚወርደው ውኃ ወደ እሷ እንዳይፈስ ተመልከት። ቁጥቋጦ አንድ ሁለት ትከል፤ ተደብቃ የማትታይበት ቦታ ስታገኝ ነው ደፍራ መውጣት የምትጀምረው። ማንም መደበቂያ ያለው ሰው ደፋር ነው።

8. የምትበላውን አንተ ከምትበላው ለይ። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልናገር፤ ብዙ ኤሊ የሚሞተው በፍቅር ነውና።

ይህች ኤሊ ሣር ጋጭ ናት፤ ላም ብለህ አስባት፣ ዝግ ያለች ላም። ዋና ምግቧ ሣርና ድርቆሽ ይሁን። ሰርዶ ግቢህ ውስጥ አለ፤ ኮሸሽላውንም ከነእሾሁ እየቀረጠፈች ስትበላ ታያታለህ፣ አትደንግጥ። ጎመን አንዳንዴ፣ ካሮት በጥቂቱ። ቆስጣን አታዘውትር፤ ውስጡ ያለው አሲድ ካልሲየሙን ይይዘዋል። ሙዝና ብርቱካን ለእሷ እንደ አረቄ ነው፤ ትወደዋለች፣ ሆዷ ውስጥ ግን ይቦካል። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ወተት፣ ሥጋ፦ በፍጹም። ዳቦ የሚወረውሩትን ልጆች ሣር አጭደው እንዲያመጡ አድርጋቸው፤ ያው ደስታ ነው።

የበለስ ቅጠል ካገኘህ ስጣት፤ እሾሁን በእሳት አቃጥለህ፣ ቆራርጠህ። ውኃም ካልሲየምም አለው። ግን ልብ በል፤ ሰው በለሱንም ቁልቋል ይለዋል፣ ያንን ነጭ ወተት የሚያፈሰውን ትልቁን ዛፍም ቁልቋል ይለዋል። የኋለኛው መርዝ ነው፤ ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብም እንዲሁ። ቆርጠህ ነጭ ወተት ካንጠባጠበ ጣለው፣ እጅህንም ታጠብ፣ ዓይንህን አትሽ።

ሌላው አደጋ ከአንተው ማሳ ነው። ከስንዴው ዳር ለምለም ሣር አይተህ ማጭድህን ታነሣ ይሆናል። ያ ዳር ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት የተረጨበት ነው። ሣሩ አልሞተም ማለት መድኃኒቱ የለበትም ማለት አይደለም፤ የአረም መድኃኒቱ ስንዴንም ሣርንም ትቶ ሰፋፊ ቅጠሉን ብቻ ስለሚገድል ነው። ካልተረጨ ቦታ እጨድ፣ ወይም ግቢህ ውስጥ አብቅል።

ለአጥንቷ ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት አድርቀህ ደቁሰህ በሣሩ ላይ ነስንስ። በዱር ሳለች ይህን ከየት ታገኘው እንደነበር ታውቃለህ? የደረቀ አጥንት ትግጣለች፣ የጅብ ኩስም ትበላለች፤ ጅብ አጥንት ስለሚፈጭ ኩሱ ነጭ ካልሲየም ነው። ጅብ ፈጭቶ ለኤሊ ያቀብላል። እኔ ይህን ስሰማ ብዙ ሳቅሁ፤ በኋላ ግን እግዜር ለማን በማን እጅ እንደሚያጎርስ አሰብኩና ዝም አልኩ።

9. ውኃዋ ጥልቅ አይሁን። ሰፊ ጠፍጣፋ ሳህን፣ ከአገጯ የማያልፍ ውኃ። ስትጠጣ አፏንም አፍንጫዋንም ነክራ ነው የምትጠጣው፤ በየቀኑ ቀይረው፣ ውስጡ ትጸዳዳበታለችና። በሳምንት አንድ ቀን በቀትር፣ ለብ ባለ ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ አድርጋት፤ ከዚያ አድርቀህ ፀሐይ ላይ መልሳት። ሲመሽ አታድርገው።

10. ከበጎችህ ከማስጠጋትህ በፊት መዥገሯን ልቀም። እግሮቿ ሥር፣ አንገቷ ሥር፣ ጅራቷ አጠገብ ቆዳው በሚታጠፍበት ሁሉ ተመልከት። የቆላ ኤሊ የምትሸከማቸው መዥገሮች ከብትና በግ የሚገድል በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። አሜሪካኖች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ይህችን ኤሊና ሁለት የአፍሪካ ዘመዶቿን ወደ አገራቸው እንዳይገቡ የከለከሉት በዚህ ነው፤ ለከብቶቻቸው ፈርተው። እነሱ ከባሕር ማዶ የፈሩትን አንተ በረትህ አጠገብ አስረኸዋል። በወረንጦ ከሥሩ ይዘህ ንቀል፣ አልኮል ወይም በረኪና ውስጥ ጣለው። ጋዝ ቀብተህ እንዳታቃጥላት፤ ቆዳዋ ይጠጣዋል።

11. ውሻህን አትመን። ከሕፃንነቱ ያሳደግኸው ይሁን፣ ሰው የማይነክስ ይሁን፤ ለእሱ የምትንቀሳቀስ አጥንት ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ከተገናኙ ዳር ዳሩን ግጦ ይጨርሳታል። ሌሊት ደግሞ ጅብ አለ፤ የሣጥኑ ክዳን መቀርቀሪያ ይኑረው። ትንሽ ከሆነች ከላይም መረብ ዘርጋ። ቁራ ለስላሳ ቅርፊት ያላቸውን ግልገል ኤሊዎች ይወጋል፤ በተራሮቻችን ላይ የሚዞረው፣ አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ አሞራም አለ። ስለ አንድ የጥንት ግሪክ ባለ ተውኔት፣ ስለ ኤስኪለስ፣ ራሰ በራውን ድንጋይ መስሎት አሞራ ኤሊ ጣለበትና ሞተ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት የእነሱ ጉዳይ ነው፤ አንተ መረቡን ዘርጋ።

12. እጅህን ታጠብ። ጤነኛ ኤሊም ሰውን በተቅማጥና በትኩሳት የሚጥል ሳልሞኔላ የሚባል ተሕዋስ ይዛ ትዞራለች። ከነካካህ በኋላ በሳሙና። የውኃ ሳህኗን እቃ በሚታጠብበት እንዳታጥብ። ታናሽ እህትህ ጡት ጣይ ልጅ አላት፤ እሱ ኤሊዋን ከነካ በኋላ እጁን አፉ ውስጥ እንዳያስገባ የምትጠብቀው አንተ ነህ።

13. ሁለተኛ ኤሊ አታምጣ። «ብቸኝነት ይሰማታል» ስትል እሰማሃለሁ። አይሰማትም። ሁለት ወንዶች ከተገናኙ አንዱ ሌላውን እየገጨ ይገለብጠዋል፤ በፀሐይ ጀርባዋ ላይ የወደቀች ኤሊ ቶሎ ካልተነሣች ትሞታለች። በነገራችን ላይ ስሟን ንግሥት ብለሃታል አሉ። ጅራቷ ረጅምና ወፍራም ከሆነ፣ የሆዷም ቅርፊት ወደ ውስጥ ጎድጎድ ካለ፣ ንጉሥ ነው ያለህ።

14. በየቅዳሜው መዝናት፤ ጻፈውም። ከሁሉ ይህን አጥብቄ እለምንሃለሁ፤ ለእኔዋ ይህን ባደርግ ኖሮ ኅዳር ላይ ባወቅሁ ነበር። የማይናገር እንስሳ የሚናገረው በሚዛን ነው። ባለ ሱቁን ጠይቅ፣ ሚዛኑን ያበድርሃል፤ ጨርቅ ዘርግተህ፣ ቶሎ፣ እንደገና ወደ ቦታዋ። ደብተር ያዝ፤ ቀን፣ ክብደት፣ በላች ወይስ አልበላችም፣ ዓይኗ ጥርት ያለ ነው ወይስ ያበጠ፣ አፍንጫዋ ደረቅ ነው ወይስ አረፋ አለው። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከቀነሰች የምትጠብቀው ነገር የለም። መጀመሪያ ሙቀቱን አስተካክል፤ ከዚያ ወደ ከብት ሐኪሙ ደብተሩን ይዘህ ሂድ። ኤሊ አክሞ የማያውቅ ሐኪም እንኳ ቁጥር ማንበብ ያውቃል፤ ባዶ እጁን የሄደ ግን እንደ እኔ በትከሻ መነቅነቅ ይሸኛል።

15. ከአንተ በኋላ ማን እንደሚይዛት አስብ። አንተ ሃያ ሦስት ዓመትህ ነው፤ ይህ ነገር ገና አልገባህም። በሴንት ሄለና ደሴት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል፣ ጆናታን የሚባል የሲሸልስ ኤሊ አለ። የተፈለፈለው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1832 አካባቢ ነው ይባላል፤ አፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ተብለው ልጅ ሳሉ ማለት ነው። ስንት ገዥ እንደተፈራረቀበት ቁጠረው። ሲያረጅ ዓይኑ ጠፋ፣ ማሽተትም ተወ፤ የእንስሳት ሐኪሙ በእጁ እያጎረሰው ነው ጉልበቱ የተመለሰው። የእኛዋ ያን ያህል አትኖርም፤ ግን በደኅና ከተያዘች ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። አንተ ሥራ አገኛለሁ ብለህ አዲስ አበባ ትሄዳለህ፣ ታገባለህ፣ ቤት ትለውጣለህ። እናትህም አርጅታለች፤ የቡችላው ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ዲንሾ ያሉት ሰዎች ወደ መጣችበት ቆላ እንመልሳት ካሉ ፊትህን አታጥቁር፤ ሣጥኑን ራስህ ተሸክመህ መኪናው ላይ ጫንላቸው።

እስከዚያው ድረስ ግን ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ጀሪካኑን አትርሳ። ቅዳሜ ከመዘንሃት በኋላ ደውልልኝና ስንት ኪሎ ስንት ግራም እንደሆነች ንገረኝ፤ እኔም እዚህ ደብተር ገዝቻለሁ።